ወናፍ፣ ስብሰባና የእኔ እንቅልፍ

የሚያንኮራፋ ሰው አያስፈራም። የሚያስፈራው ማንኮራፋቱን ድንገት ያቆመ ሰው ነው! አላመናችሁኝም? እንግዲያውስ ባለቤቴን ተዋበችን ጠይቋት። እኔ ሳንኮራፋ እሷ እፎይ ብላ ትተኛለች። ዝም ስል ግን ተስፈንጥራ ትነሳና መዳፏን አፍንጫዬ ሥር ትደቅናለች። ትንፋሽ የለም... አሁንም የለም... በክርኗ ጎኔን ስትለኝ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ጎርሼ እመለሳለሁ። እሷም "ተመስገን" ብላ ጋደም ትላለች። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ዝም።

ይህ ጣጣ የባሰብን በደርግ ጊዜ፣ ከኮምቦልቻ ወደ መካነ ሰላም የተዛወርኩ ዕለት ነው። ሥራዬ ከብት መከተብ ነበር። ኮምቦልቻ ሳለን ማንኮራፋቱ ነበር፤ መቋረጡ ግን እምብዛም ነው። መካነ ሰላም ደጋ ናት፤ አየሯ ንጹሕ ነው ይሉኛል። ንጹሕነቱን መቼ ካድኩ? ችግሩ ማነሱ ነው! ሌሊት ያጣሁት እንቅልፍ ታዲያ ቀን በየመንገዱ ይጠብቀኛል። የበሬ ሻኛ ላይ መርፌ እንደሰካሁ ያንቀላፋሁበት ቀን አለ። በሬው ጨዋ ሆኖ ነው እንጂ!

ከሁሉ የከፋው ግን ስብሰባው ነበር። የዚያን ዘመን ስብሰባ ታስታውሳላችሁ? ያልደረሳችሁበት ካላችሁ እንኳን ቀረባችሁ። ጠዋት ይጀመራል፤ ማብቂያውን የቀበሌው ሊቀመንበርም አያውቁት። ስብሰባ ላይ መተኛት ደግሞ እንቅልፍ ብቻ አይደለም... አቋም ነው! ሁለቴ ተይዤ፣ "አንድ ጊዜ ብትደግም እርምጃ ይወሰድብሃል" ተባልኩ። "እርምጃ" የምትባለው ቃል በዚያ ጊዜ ስንቱን እንደበላች የኖረባት ያውቃታል። ቤት ስገባ ደግሞ ተዋበች ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ጠውልጎ ትጠብቀኛለች።

"እኔ ሬሳ ጠባቂ አይደለሁም! ወይ ተንፍስ፣ ወይ እናቴ ቤት እሄዳለሁ!"

ደሴ ሄጄ ሐኪም ዘንድ ታየሁ።

"ስትተኛ ጉሮሮህ እየተዘጋ ትንፋሽህ ይቋረጣል" አለኝ። "ከፍታው ደግሞ ያብስብሃል፤ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው።"

"መድኃኒቱስ?"

"ውጭ አገር ሌሊቱን ሙሉ በአፍንጫ አየር የሚነፋ መሣሪያ ወጥቷል አሉ። እኛ ዘንድ የለም። ክብደት ቀንስ፣ በጀርባህ አትተኛ፣ ከቻልክም ቆላ ውረድ።"

ከቻልክም! የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ዝንጀሮ ደስ ባለው ገደል የሚወርድ መሰለው።

ተዋበች ይህን ሁሉ ስነግራት ጆሮዋ የያዘው አንዱን ብቻ ነው። "አየር የሚነፋ?" ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን መጠርጠር ነበረብኝ። እሑድ ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ሳለ ፊቴን አንዳች ነገር ፍው አደረገኝ። ባንኜ ስነቃ ቀጥቃጩ ጎረቤታችን አቶ ይመር ራስጌዬ ቁጢጥ ብሏል። ብረት የሚያግልበትን የፍየል ቆዳ ወናፍ አፍንጫዬ ላይ ደግኗል!

"ምንድን ነው ይሄ?" ብዬ ጮህኩ።

"አብሽር፣ ቀስ አድርጌ ነው የምነፋው" አለኝ። "ሚስትህ ናት የለመነችኝ። ወላሂ፣ ማረሻ እንኳ በዚህ ነው የሚለሰልሰው።"

እኔ ልለስልስ አልለስልስ እንጃ። በወናፉ ሆድ የከረመው የከሰል ብናኝ ግን ጠቅልሎ እኔ አፍንጫ ውስጥ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር አስነጠስኩ።

የፈራሁት ስብሰባ ደረሰ። ከክፍለ ሀገር ትልቅ ካድሬ መጥቷል፤ ርዕሱ የዓመቱ የምርት ዕቅድ ነው። እኔ ኋላ ሄጄ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። (ሞኝነቴን እዩልኝ! ግድግዳ ለእኔ ትራስ ማለት ነው።) ከዚያ በኋላ የሆነውን ያጫወቱኝ አጠገቤ የነበሩት የቤት አከራያችን እማማ ዘይነባ ናቸው። መጀመሪያ አንኮራፋሁ። ካድሬው ድምፁን ከፍ አደረገ። እኔም ከፍ አደረግሁ። ከዚያ... ዝም። አዳራሹም ዝም። ካድሬው ራሱ ንግግሩን አቋርጦ አንገቱን አሰገገ። እማማ ዘይነባ መዳፋቸውን አፍንጫዬ ሥር ቢደቅኑ፣ ምንም!

"ያ አላህ! ልጄን! ሞተ እኮ!" ብለው ደረታቸውን መቱ። የሴቶች ማኅበር በሙሉ ለቅሶውን ተቀበላቸው።

ይሄኔ ትንፋሼ ተመለሰና ነቃሁ። አዳራሹ በጩኸት ተናውጧል። በዚያ ዘመን፣ ስብሰባ ላይ፣ ጩኸት ሰምቶ የነቃ ሰው ምን ያስባል? መፈክር ነዋ! ብድግ ብዬ ግራ እጄን ወደ ላይ ወርውሬ ባለ በሌለ ኃይሌ "ይውደም!" አልኩ። ሕዝቡም ለምዶበታል፤ አንዱ ይውደም ካለ ማን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚያለቅሰውም የሚያባብለውም ግራ እጁን አንሥቶ "ይውደም!" አለ። መድረኩ ላይ ያለው ካድሬው ብቻ ነው፤ እጁ ላይ ያለው ደግሞ የምርት ዕቅዱ ብቻ።

በማግሥቱ ቢሮ ተጠራሁ። አልዋሻችሁም፣ ተዋበችን ዳግመኛ የማያት አልመሰለኝም። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ፈረዱብኝ።

"ጓድ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ወርደህ፣ ቆላ ከብት እየከተብክ ራስህን እንድታርም ተወስኗል። ሙቀቱ ያነቃሃል!"

ሞት የጠበቀ ሰው ቆላ ሲሰጡት ምን ይላል? እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ተዋበች ግን ቁልቁለቱን አልቅሳ ጨረሰችው። የሚጠብቀን የሣር ጎጆ፣ ሐሩርና የወባ ትንኝ ነበር። በገባን ማግሥት ግን ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ተዋበች አልነቃችም። ደነገጥኩ። ተራዬ ደርሶ መዳፌን አፍንጫዋ ሥር ደቀንኩ... ትተነፍሳለች። ምስኪን፣ ስንት ጊዜ ስትጠብቀኝ አድራ አሁን ገና መተኛቷ ነው። እንባዬ መጣ።

በዚያው ጉንጯ ሞላ፤ እኔም ሌሊት ትንፋሼ መቋረጡን ትቶልኝ ሰው ሆንኩ። ስብሰባ ላይ እንኳ አልተኛ አልኩ! ለመጀመሪያ ጊዜ የሚባለውን ሰማሁ፤ ጥያቄም ጠየቅሁ። ይሄ ነው ጉድ ያመጣብኝ። "ጓድ ታርሟል፣ ለሽልማት ወደ መካነ ሰላም ይመለስ" የሚል ወሬ ደረሰኝ። እኔም ጥፋት ፍለጋ ገባሁ። ስብሰባ መሀል ዓይኔን ጨፍኜ አንገቴን ደፋሁ። እንቅልፍ የሚባል እንደሆነ የለም! ሰብሳቢው አይቶኝ፣ "እንደ ጓድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጥሞና አዳምጡ" ብሎ አስጨበጨበልኝ።

ተሸለምኩ። ዳገቱን እያለከለክን ወጣን። እማማ ዘይነባ አቅፈው ሳሙን፣ የድሮ ክፍላችንን ከፈቱልን። ሌሊቱ እንደ ድሮው ሆኖ አደረ፤ እኔ ዝም እላለሁ፣ ተዋበች መዳፏን ትደቅናለች። ጠዋት ስነሳ ዓይኗ ቀልቷል፤ ዕቃችን ግን ከነገመዱ በሩ ሥር ተከምሯል።

"አንቺ፣ ዕቃውን አትፈቺም እንዴ?"

"ምን ያጣድፈኛል?" አለችኝ ተረጋግታ። "ሐሙስ ስብሰባ አለ አይደል?"