የኢድሪስ ትንሿ ፒክአፕ

ሰው ደህና ትልቅ ፒክአፑን ሸጦ ትንሽ የሚገዛው ለምን ይመስላችኋል? አስተማሪ ነኝና ላስረዳ። አሰብ ውስጥ ፒክአፕ ያለው ሰው ማለት ጎረቤት ሁሉ የሚጫንበት ሰው ማለት ነው። ወደብ የሚሠራው ጎረቤቴ ኢድሪስ በዚህ የተነሳ የከሰዓት እንቅልፉን አጣ፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ የከሰዓት እንቅልፍ ቅንጦት አይደለም። ስለዚህ መኪናውን አሳነሰ።

«ከእንግዲህ ማን ይጠይቀኛል?» አለኝ እየሳቀ።

በማግስቱ ገና ጋደም ከማለቱ እትዬ ዘሃራ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እናታቸውን ሊቀበሉ እኔን ጨምሮ ሰፈሩን አስከትለው ደጁ ቆሙ።

«ትንሽ ናት እኮ፤ አትበቃችሁም» አላቸው።

«ምን ችግር አለ ወንድሜ? ትመላለሳለህ።»

በሒሳብ ስናየው፣ መኪናው በግማሽ ሲያንስ ጉዞው እጥፍ ይሆናል። ኢድሪስ ይህንን የተረዳው በአውሮፕላን ማረፊያና በሰፈር መካከል ላቡን እየጠረገ ሲመላለስ ነው። በመጨረሻው ዙር እናትየው ከነሻንጣቸው ሲገቡ ለአንድ ሰው ቦታ ጠፋ። ቁልፉን ለዘሃራ ባል ሰጥቶ ወረደ።

«መጥተን እንወስድሃለን» አልነው።

ስንመለስ በአውሮፕላን ማረፊያው ግድግዳ ጥላ ሥር ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ብቀሰቅሰው አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«መምህር፣ ሌላ የምታደርሱት ሰው የለም?»