እትዬ ሰርኬና የሃምሳ ሰው ድንኳን

በየሰፈሩ ለቅሶ የማያመልጣት አንዲት ሴት አለች፤ የሌለችበት ሰፈር ካለ ገና ሰው አልሞተበትም ማለት ነው። የእኛዋ፣ የሽሮ ሜዳዋ፣ ክብርት እትዬ ሰርኬ ናቸው። ሟቹን ባያውቁት እንኳ አክስቱን ያውቃሉ። አክስቲቱንም ካላወቁ እዚያው ድንኳን ውስጥ ይተዋወቃሉ።

ኮሮና ገብቶ መጨባበጥ ሲከለከል መመሪያውን በሬዲዮ ሰሙ፤ ለሌላ አገር ሰው የወጣ መስሏቸው ተዉት። በክርኑ ሰላም ሊላቸው የሞከረውን ዲያቆን ዘመንፈስቅዱስን «ምን በደልኩህ ልጄ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጉንጩን ሳሙት። ማስካቸው አገጫቸው ላይ ነው የሚውለው፤ «አፍ ተሸፍኖ እንዴት ይለቀሳል?» ይላሉ። ለቅሶ ላይ ከሃምሳ ሰው በላይ አይገኝ ሲባልም «ሃምሳ ያሉት እኔን ሳይጨምሩ ነው» ብለው ገቡ። ለሚቆጣቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ኮሮና ያልፋል፣ ትዝብት ይቀራል!»

አይፈረድባቸውም። ባላቸው የሞቱ ጊዜ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ዛሬም በስም ይጠራሉ። ያን ሰሞን ያቆማቸው ሰው ነው፣ እና ሰው ብቻውን ሲያለቅስ ማሰብ አይችሉም።

ከዚያ የሙሉእመቤት ባል አረፉ። ሙሉእመቤት የአርባ ዓመት ጓደኛቸው፣ ልጃቸውን ክርስትና ያነሱላቸው፣ አስም የሚያሠቃያቸው ሴት ናቸው። ያን ቀን ጠዋት እትዬ ሰርኬ ቤት ሽንኩርት ድስት ውስጥ አርሮ ጎረቤት ሲጮህ፣ እሳቸው አጠገቡ ቆመው ምንም አልሸተታቸውም። ቢሆንም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።

ድንኳኑ በር ላይ ከጤና ጣቢያ የመጣችው ሃዊ የግንባራቸውን ሙቀት ለካች። «ሠላሳ ስድስት ተኩል። ደህና ነዎት እትዬ፣ ይግቡ።»

እትዬ ሰርኬ አልገቡም። ከውስጥ የሙሉእመቤት ሳል ይሰማል።

«ሃዊዬ፣ ሽታ ጠፍቶብኛል» አሉ በሹክሹክታ፣ ማስካቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው።

ሃዊ ደነገጠች። «በቃ እንዳይገቡ! ቤትዎ ይሂዱና መጥተን እንመረምርዎታለን።»

«እሺ። ለሙሉ ንገሪያት... አይ፣ ተዪው። ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?»

አስፋልቱን ተሻግረው ግንብ ሥር ቆሙ። ወደ ድንኳኑ የምትገባ አንዷ አየቻቸው። «ጉድ! ሰርኬም ፈራች?» አለች፣ እንዲሰማ አድርጋ። እትዬ ሰርኬ ሰሙ። በሕይወታቸው እንደዚያ ከፍቷቸው አያውቅም።

ቤታቸው መሄድ ነበረባቸው፣ እግራቸው ግን እምቢ አለ። እዚያው ብቻቸውን ደረታቸውን እየመቱ፣ አዲሱ ገበያ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኹ፦ «ሙልዬ! ወንድሜን! ወንድሜን!»

ከድንኳኑ በር የተከተልኳቸው፣ ስንት ጊዜ የሳቅኩባቸው እኔ ከጎናቸው ሁለት ሜትር ርቄ አለቀስኩ። እንዲህ የምወዳቸው አይመስለኝም ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ረገብ አለ። ሳል የቆራረጠው የሙሉእመቤት ድምፅ መጣ፦

«እስቲ አንዴ ዝም በሉ... ሰርኬ መጣችልኝ።»