ጋሼ አቋራጭ ልጄን እህቴ ሲያደርጓት

በሰው አገር የሚኖር ሰው ዘመድ ሊያጣ ይችላል፤ አቋራጭ የሚያውቅ ሰው ግን አያጣም። የትም ሂዱ፣ ሁለት የአገር ልጆች በተከራዩበት ሕንፃ ውስጥ ሦስተኛው እሳቸው ናቸው። ገና ሻንጣችሁን ሳታወርዱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በር ላይ ይቆሙና «በየት በኩል መጣህ?» ይሏችኋል። በየትም በኩል ብትመጡ፣ እሳቸው ዘንድ ዞራችሁ ነው የመጣችሁት።

የእኛን ሕንፃ ባለ አቋራጭ ትክክለኛ ስም ከሚስታቸው በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም ጋሼ አቋራጭ ነው የምንላቸው። ፊት ለፊት ጋሼ ብቻ፤ «አቋራጭ» የምትጨመረው ደረጃውን ከወረዱ በኋላ ነው። ሥራቸው የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይመጣል። ሰውየው ከጧት እስከ ማታ ያንኑ መስመር፣ ያንኑ መታጠፊያ፣ ያንኑ ፌርማታ ሲመላለሱ ይውሉና ከሥራ ሲወጡ እጃቸውን ይበላቸዋል። ምን ዓይነት ችግር ብትነግሯቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ይሄማ ቀላል ነው፤ አቋራጭ አለው።»

ላይኛው ፎቅ የሚኖረው ዳቦ ጋጋሪ ፍሪጅ የገዛ ጊዜ በደረጃ ማውጣት ልፋት ነው ብለው በገመድ በመስኮት አስጎተቱት። ፍሪጁ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ተንጠልጥሎ ዋለ። ክቡርነታቸው ከታች ቆመው፣ «አይዟችሁ፣ ዋናው መንገድ አልቋል» እያሉ ያበረታቱ ነበር። እኔን ደግሞ ጉሮሮዬን ታምሜ ክሊኒክ ወሰዱኝና «ይሄ ሰልፍ ረጅም ነው፣ ና በዚህ» ብለው አጭሩ ውስጥ ከተቱኝ። ለካ የደም ለጋሾች ሰልፍ ኖሯል። ጉሮሮዬ እንደታመመ ደሜን ሰጥቼ፣ ብስኩቴን በልቼ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ያም ሆነ ይህ ቶሎ ጨርሰናል።»

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ።

ሚስቴ የታመሙ እናቷን ልትጠይቅ አገር ቤት ስትሄድ መውለጃዋ ገና ነበር። ሐሳባችን ደርሳ ተመልሳ እዚህ እንድትወልድ ነበር። ልጅ ደግሞ የሰው ሐሳብ አይጠይቅም፤ ልጄ ከቀኗ ቀድማ እዚያው ተወለደች። ሁለታችንም እዚህ የመኖሪያ ፈቃድ አለን፤ እዚህ ሠርተን እዚህ ግብር እንከፍላለን። እሷ ግን እዚያ ስለተወለደች ለዚህ አገር ባዕድ ናት ተባለ። እናትየው መግባት ትችላለች፤ ጡት የምትጠባዋ እንግዳ ግን ፈቃድ ታምጣ። የትኛዋ እናት ናት ጥላ የምትመጣው? ሚስቴ ከልጄ ጋር እዚያ ቀረች፣ እኔ ከባዶ የልጅ አልጋ ጋር እዚህ ቀረሁ።

አባትነትን በስልክ ጀመርኩ። ስታዛጋ አየሁ፣ ስታስነጥስ አየሁ። ጠረኗን ግን ከየት ላምጣው? ሚስቴን «ምን ምን ትሸታለች?» እላታለሁ። «ወተት ወተት ትላለች» ትለኛለች። እሱማ የማንም ልጅ ነው፣ የእሷን ንገሪኝ እላለሁ። ትስቃለች፤ ከዚያ ልጅቷን ወደ ስልኩ ታስጠጋታለች።

አንዲት ቢጫ ሹራብ ገዝቼላት ነበር። ሳትለብሳት እንደጠበበቻት ሲገባኝ ሱቁ ሄጄ በሰፋ ቀየርኩ። ያችም ጠበበች፤ እንደገና ቀየርኩ። ሻጯ ለመደችኝና ሰላምታዋ ሁሉ «አደገች?» ሆነ። አንድ ቀን በሩን ስከፍት ገና ሳልጠይቃት ትልቁን አውርዳ ይዛ ጠበቀችኝ። ተቀብዬ ወጣሁና ፌርማታው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትልቅ ሰው በሹራብ ያለቅሳል ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ያለቅሳል።

ጋሼ አቋራጭ የገቡት ገና መጀመሪያ ላይ፣ ማመልከቻው ሲዘጋጅ ነው። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ የዚህ አገር ሰው አባትም እናትም ልጅም በአንድ የቤተሰብ ስም እንደሚጠሩ፣ እኛ ግን ልጅ በአባቱ፣ አባትም በአባቱ እየተጠራን ሦስት ስም ይዘን ስንቀርብ «እነዚህ ምንና ምን ናቸው?» ተብሎ ነገር እንደሚጓተት አስረዱኝ። እውነታቸውን ነው። ክፋቱ መፍትሔ ያላቸው መሆኑ ነው።

«ይሄማ ቀላል ነው፤ አቋራጭ አለው» አሉ። «ያንተን ስም ዝለለው። ልጅቷ በአያቷ፣ ባንተ አባት ስም ትመዝገብ። የሁለታችሁም መጨረሻ አንድ ሆነ ማለት ነው። ማን ይጠይቃል?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። ሚስቴ እንዳልኳት አስመዘገበች። እዚያ ያለው መዝጋቢ ደግሞ የእኛው ሰው ነው። የእኛ ሰው ከልጅ ስም ቀጥሎ ያለውን ስም ሲያይ ምን ይላል? አባት ነዋ። «የአባት ስም» በሚለው ቦታ አባቴን አስቀመጣቸው። በአንድ ማኅተም ልጄ እህቴ ሆነች፣ ሚስቴ እንጀራ እናቴ ሆነች። እኛ ደግሞ ስንጣደፍ አላስተዋልነውም።

ብዙ ወር ከጠበቅሁ በኋላ የፈቃድ ክፍሏ ሴትዮ በመስኮት ጠርታ፣ በሚያሳቅቅ ትሕትና፣ እህት ለማምጣት ሕጉ እንደማይፈቅድልኝ፣ ወላጅ አባቷ በሕይወት ካሉ እሳቸው ያመልክቱ ብላ ነገረችኝ። ወላጅ አባቷ አገር ቤት በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ስደውልላቸው መጀመሪያ ከልባቸው ሳቁ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና «እናትህን ግን አንተ ንገራት፤ እኔ ብነግራት አታምነኝም» አሉኝ።

እኔ አልሳቅኩም። ያ ሁሉ ወር በከንቱ ሄደ። ልጄ መዳህ ጀምራለች። «አባ» ማለትም ለምዳለች፤ የምትለው ግን ስልኩን ነው። ጠፍቶ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ እንኳ «አባ» ብላ ትስመዋለች አለችኝ ሚስቴ። ለልጄ አባቷ ያ የስልክ መስታወት ነበር። እያደገች ትሄዳለች፣ እኔ መስታወት ውስጥ እቀራለሁ። ይህን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ጋሼ አቋራጭ ሲወርዱ ተገናኘን።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እርስዎ አውቶቡስዎን ይንዱ። የእኔን ልጅ ይተዉልኝ።»

እሳቸውም ኮፍያቸውን አስተካክለው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ሕንፃው ውስጥ ድምፃቸው ጠፋ፤ ጋጋሪው እንኳ «ምነው ሰላም በዛ?» እስከማለት ደረሰ።

በሳምንቱ ሚስታቸው በሬን አንኳኩ። እትዬ ምድር ቤት ልብስ ይሰፋሉ። ለልጄ ትንሽ ቀሚስ ሰፍተው፣ ጫፉን ብዙ አጥፈው፣ «ስታድግ ይፈታል» ብለው ሰጡኝ። ከዚያ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«እሱም ልጃችን ሆዴ ውስጥ እያለች ትቷት ነው የመጣው። የኛ ፈቃድ ሲመጣ ልጅቷ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ተቀብሎን ቤት ገባን። ወንበር ላይ አስቀመጣት። ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ‹ጋሼ፣ ውሃ ይሰጡኛል?› አለችው። ሥርዓት አስተምሬያታለሁ፤ ለማታውቀው ትልቅ ሰው የሚባለውን ነው ያለችው። ውሃውን ሰጣትና መታጠቢያ ቤት ገባ። ቶሎም አልወጣ። አባዬ እስክትለው ዓመት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ነው ይሄ አቋራጭ፣ አቋራጭ የሚለው።»

እትዬ ሲሄዱ ቀሚሱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እኚያን ሰው ስንት ጊዜ ጋሼ ብያቸዋለሁ?

በማግስቱ ጧት ወርጄ በራቸውን መታሁ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ኮቴን ላምጣ» ብለው ገቡ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁሉ አብረን ሄድነው። ሚስቴ እዚያ ፍርድ ቤት ስትመላለስ፣ ስሜ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ማመልከቻው ከሀ ሲጀመር፣ እሳቸው በዕረፍት ቀናቸው ከጎኔ ይሰለፋሉ። አቋራጭ የምትባል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። ዝምታቸው ጨንቆኝ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ያኛው ሰልፍ አጠር ይላል» ብላቸው፣ «አይሆንም፤ ቁም» አሉኝ። ከዚያ ቀን በላይ አዝኜላቸው አላውቅም።

ፈቃዱ መጣ። ከሥራ ባልደረባቸው መኪና ተውሰው አየር ማረፊያ ወሰዱኝ። ቢጫዋን ሹራብ፣ የመጨረሻዋን፣ ይዣለሁ። በሩ ተከፈተና ሚስቴ ከስታ፣ ልጄን አቅፋ ወጣች። ስንት ወር የጠበቀውን ክንዴን ዘረጋሁ። ልጄ አንዴ አየችኝና ጮኸች፤ ፊቷን እናቷ አንገት ውስጥ ቀበረች። ጠጋ ስል ባሰባት። ሚስቴ «አባ እኮ ነው፣ አባ!» ትላታለች። ማን ይስማት? እዚያ አዳራሽ መሐል ክንዴን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። ዘወር ስል ጋሼ አቋራጭ ፊታቸው ልክ እንደ እኔ ነው።

እጅጌዬን ያዙኝ። «አቋራጭ አለው» አሉ። «ሂድ ከዚያ ምሰሶ ጀርባ። ደውልላት።»

ሄድኩ። ደወልኩ። የሚስቴ ስልክ ጠራ፣ ልቅሶው ቀስ እያለ ቆመ፣ ከምሰሶው ወዲያ «አባ!» የምትል ድምፅ ሰማሁ። በስልኩ እያናገርኳት ቀስ ብዬ ወጣሁ። መስታወቱን አየች፣ እኔን አየች። እንደገና መስታወቱን፣ እንደገና እኔን። ሁለት አባት በዛባት መሰለኝ። ከዚያ ጣቷን ዘርግታ፣ ስልኩን እንደምትነካው፣ አገጬን ነካችኝ። ጢሜ ወጋት መሰል ሳቀች። ወደ እኔም መጣች። ወተት ወተት ትላለች፤ እሱ ልክ ነው። ሌላም ነገር አለ፣ እሱን አልነግራችሁም።

መኪና ውስጥ ቢጫዋን ሹራብ ለብሳ ደረቴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ሚስቴ ፀጉሯን እየዳበሰች፣ «ስትነሺ ጋሼን ታመሰግኛለሽ፣ እሺ?» አለቻት።

«ጋሼ አይደሉም» አልኩ። «እሷ አባባ ነው የምትላቸው።»

ጋሼ አቋራጭ ከፊት ሆነው መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን ብቻ ያያሉ። ወደ ሰፈራችን የምታስገባው አቋራጭ፣ ለመጣ ሁሉ የሚያስተምሯት መታጠፊያ፣ በጎናችን አለፈች።

«መታጠፊያው አለፈን እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ፤ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ አድርገው፣ ፍጥነታቸውን ይበልጥ ቀነሱ።