ሊቀ ምክንያት፣ ምላጫቸውና የሰፈሩ አንገት

ሰፈር መብራት ሊጠፋበት ይችላል። ውሃ ሊቆምበት ይችላል። ሁሉን ነገር የሚያብራራ ሰው የታጣበት ሰፈር ግን እኔ በዕድሜዬ አልገጠመኝም። አንዳንድ ቦታ ጡረተኛ ሆኖ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ታገኙታላችሁ፤ አንዳንድ ቦታ አክስት ሆኖ ይመጣል፤ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከጎናችሁ ያለው ጠረጴዛ የእሱ ነው። ለሰላምታ ያህል «ዛሬ ይበርዳል አይደል?» ካላችሁት አለቀላችሁ። ደመና ሙቀትን እንዴት እንደሚይዝ ሳይነግራችሁ አይለቃችሁም።

ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ማምለጥ ይቻላል። አውቶቡስ ይመጣል፣ ስልክ ይጮኻል፣ አለቃ ይጠራል። የእኛው ግን ፀጉር አስተካካይ ናቸው። መጀመሪያ ጨርቁን አንገታችሁ ላይ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል፤ ቀጥለው አፋችሁን በሳሙና አረፋ ይደፍኑታል፤ ከዚያ ምላጩን ጉሮሯችሁ ላይ ያሳርፉና ማብራራት ይጀምራሉ። እስቲ ወዴት ትሮጣላችሁ?

ሰፈሩ «ሊቀ ምክንያት» ይላቸዋል። መጀመሪያ በሌሉበት ነበር እንዲህ የምንላቸው። አንድ ቀን አውቶቡስ ነጂው ጎረቤቴ አምልጦት ፊት ለፊት ጠራቸው። እኛ ክው አልን። እሳቸው ግን ሹመቱ የዘገየባቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁና «እንዲህ የተባልኩበት ምክንያት ቀላል ነው» ብለው እሱኑ አብራሩልን።

ክቡር ሊቀ ምክንያት ያላቸው አንድ ወንበር ነው። በእግር ሲረገጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሲቀመጥ ሙሉ ፊቱን መስታወት ውስጥ ያየ ሰው፣ ተላጭቶ ሲያበቃ ግንባሩን ብቻ ነው የሚያየው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዘይቱ ያፈሳል። ከጀርባ ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ አለ፤ በታጠቡት ፎጣዎች ላይ የምትተኛ ድመት አለች፤ ደህና የሚሠራ ግን የማይከፈት ሬዲዮም አለ። የማይከፈተው ዜና አንባቢው ሲናገር እሳቸው ጣልቃ እየገቡ ስለሚያርሙት ነው።

«ዝም ብሎ የሚሆን ነገር የለም» ይላሉ ዘወትር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!» ይህን ካሉ በኋላ ወሬው አጭር የሆነበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ድመት ስትወድቅ በእግሯ የምታርፈው ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ድመቷ ከፎጣዎቹ ላይ ዘላ ወረደች፤ ለእሳቸው ያ በቂ ነው። አየር ላይ ሳለች መጀመሪያ ጭንቅላቷን፣ ቀጥሎ ትከሻዋን፣ በመጨረሻም ወገቧን እንዴት እንደምታዞር በገዛ ሰውነታቸው አሳዩን። እስከ ትከሻው ድረስ ደህና ሄዱ። ወገቡ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቀሩ፤ ሱቁም እስኪሻላቸው ድረስ ተዘጋ።

ሌላ ጊዜ የባንክ ቤቱ ዘበኛ ገና ሳይነጋ ስለሚጮኸው የጎረቤት አውራ ዶሮ አማረረ። ሌሊቱን ሥራ አድሮ ሊተኛ ሲል ነው የሚጀምርበት። ሊቀ ምክንያት ለዶሮው ጥብቅና ቆሙ። አውራ ዶሮ ብርሃን አይቶ ብቻ የሚጮህ እንዳይመስልህ፣ ሰውነቱ ውስጥ ሰዓት አለ፣ ጎህ መቅረቡን አስቀድሞ ይነግረዋል አሉት።

«ጋሼ» አለ ዘበኛው በአረፋው ውስጥ፣ «ይሄ ሰዓት የሚጠፋው የት ጋ ሲጫኑት ነው?»

ሠርግ ላይማ አትጥሯቸው። አንድ ሠርግ ላይ ሰዎች ብርጭቆ የሚያጋጩት ለምን እንደሆነ ለሙሽራው አስረዱት። ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ጥንት ሰው ከባላንጣው መርዝ ይፈራ ስለነበር መጠጡ እንዲቀላቀል ነው የሚል ነበር። ሙሽራው ወደ አማቱ አየና ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

ሁልጊዜ ልክ ናቸው ማለቴ አይደለም። የግራ ጫማዬ ቶሎ የሚያልቅብኝ ልቤ በግራ በኩል ስለሆነና ሰውነቴ ወደዚያ ስለሚያጋድል ነው ብለውኝ ሚስቴን ሳስጨንቃት ሰነበትኩ። ጫማ ሰፊው ገልብጦ ቢያየው ሶሉ ላይ የተሰካ ምስማር አገኘ። ይህንኑ ስነግራቸው ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም። «እሱም አንድ ምክንያት ነው» አሉ።

ከሁላችን የሚሟገታቸው የባዮሎጂ መምህሩ ነው። የሞተ ሰው ጺም ያድጋል እያሉ ለስንት ዘመን ሲያስተምሩን፣ መምህሩ አንድ ቀን ቆዳው ስለሚሸሽ ነው እንጂ ጺሙ አያድግም ብሎ ከሥሩ ነቀለባቸው። አኮረፉ። አንድ ሳምንት ያህል መምህሩን ሲላጩ ከ«ቀና በል» በቀር ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ በኋላ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ሬሳ ጺሙ የሚያድግ የሚመስለው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ማለት ጀመሩ። የነገሩ ባለቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

እንዲህ እየሳቅንባቸውም እየሰማናቸውም ስንኖር፣ ከጥቂት ወራት በፊት እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ የተቆረጠው አውቶቡስ ነጂው ነው፤ አገጩ ሥር፣ ትንሽ። «ውሃ ስለማትጠጣ ቆዳህ ደርቋል» አሉት። ቀጥሎ እኔን ጉንጬ ላይ አገኙኝ፤ የእኔ ጥፋት ደግሞ አተነፋፈሴ ነበር። ዘበኛው ጆሮው ላይ ሲቆረጥ ጺምህ ወደ ጎን ስለሚበቅል ነው ተባለ። የእያንዳንዱ ጭረት ምክንያት ደንበኛው ላይ ተገኘ። እውነተኛውን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብለን ዝም አልን። እሳቸውም ማብራራቱን እየተዉ መጡ። ዓይናቸውን እጃቸው ላይ ተክለው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ በዝምታ ይላጩ ጀመር። ባዩት ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ያን ሁሉ ዓመት ዝም ባሉልኝ ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ ዝም ሲሉ ፈራሁ።

መድኃኒቱን ያገኘው መምህሩ ነው። ምላጩ ጆሮው አጠገብ ሲንቀጠቀጥ በመስታወት ቢያይ፣ ከድንጋጤው የተነሳ «ጋሼ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ የሚያስለቅሰው ለምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ። እሳቸውም ከሽንኩርቱ ስለሚወጣው ጋዝና ዓይናችን እንዴት በዕንባ እንደሚያጥበው ማስረዳት ጀመሩ። እጃቸው ቀጥ አለ። መምህሩ ጭረት ሳይነካው ወጣና መንገዱ ዳር ሰበሰበን።

«ሲያብራሩ እጃቸው ይረጋል» አለን ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምክንያቱስ?» አለ ነጂው።

«እኔ እንጃ። ሐኪም ይወቀው። አንተ ብቻ ባዶ አፍህን እንዳትገባ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ጥያቄ መላጨት ቀረ። ጥያቄውም በልክ ነው። ለሪዝ አጭር ይበቃል፤ ጣታችን ውሃ ውስጥ ሲቆይ ለምን ይጨማደዳል፣ ዓይነት። ለጉንጭ መካከለኛ፤ ውሻ ከመተኛቱ በፊት ለምን ይሽከረከራል። ጉሮሮ ላይ ሲደረስ ግን ረጅምና ሥር ያለው ነገር ያስፈልጋል፤ የባሕር ውሃ ለምን ጨው ሆነ፣ ጉንዳን መንገድ እንዴት አይጠፋውም የመሳሰለው። ይህን እርስ በርሳችን «ለአንገት የሚሆን» እንለዋለን። «ለነገ ለአንገት የሚሆን አለህ?» ይለኛል ነጂው በመስኮቱ በኩል አንገቱን አውጥቶ፤ ካለኝ አበድረዋለሁ።

ከትምህርት ቤት ከወጣን ወዲህ አንዳች ነገር ለምን ብለን የማናውቅ ወንዶች፣ ጎልማሳነታችን ላይ ቀና ብለን ማየት ጀመርን። ዘበኛው በሥራ ሰዓት ራሱን ሲኮረኩር ተገኘ፤ ሰው ራሱን ሲኮረኩር ለምን እንደማይስቅ እያጣራ ነበር። እኔም አንድ ጠዋት ከሥራ ቀርቼ መስኮት ላይ ተደፍቼ ርግቦች ስመለከት ሚስቴ ደረሰችብኝ።

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ርግቧ ስትሄድ አንገቷን ለምን እንደምትወዘውዝ እያሰብኩ ነው።»

«ስለ ርግብ አንገት ከምትጨነቅ ስለራስህ አንገት ብትጨነቅ ምን አለበት?»

«እሱኑ እኮ ነው የምጨነቅለት» አልኳት። አልገባትም። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ርግቧን ማየቱን ወድጄው ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በዘበኛው ጆሮ ነው። ያ የመጀመሪያው ጭረት ሳይድን ቆይቶ አመርቅዞ ሆስፒታል ሲሄድ ያጠበችለት ነርስ የሊቀ ምክንያት ልጅ ሆና ተገኘች። አባቷን ትወዳለች፤ ግን ቀልድ አታውቅም። በማግስቱ መጥታ ሁላችን እየሰማን «አባዬ፣ ቅዳሜ መጥቼ እዚህ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ» አለች። «አንድ ጠብታ ደም ካየሁ ምላጩን ይዤው ነው የምሄደው። ከዚያ በኋላ በቶንዶዝና በመቀስ ብቻ ትሠራለህ።»

እሳቸው አልተከራከሩም። ምላጩን ጠርገው፣ አጥፈው፣ መሳቢያው ውስጥ ከተቱት። «ያለ ምላጭ እኔ በር ከፍቶ የሚዘጋ ሰው ነኝ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አላውቅም። አንጀቴን በሉት።

ቅዳሜ ደረሰ። ማን ይላጭ? ነጂው ጺሙን ሊያሳድግ መወሰኑን የዚያን ዕለት አስታወሰ። ዘበኛው ተረኛ ነበር። መምህሩ መጣ፤ ግን አንድ ጉንጩን ቤቱ ጀምሮ ሲላጭ ውሃ ጠፍቶበት ነው፣ የቀረውን ማታ ራሱ ይጨርሰዋል፣ ጉንፋንም ይዞታል፣ ሌላም ሌላም ብሎ አግዳሚው ጥግ ላይ ተለጠፈ። ወንበሩ ላይ እኔ ወጣሁ። ለአንገት የሚሆን አዘጋጅቼ ነበር፤ ከዋክብት ለምን ብልጭ ድርግም እንደሚሉ ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ። ልጅቷ ግን ጭኗ ላይ የጥጥ ጥቅል አስቀምጣ፣ እጆቿን አጣምራ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በመስታወቱ ውስጥ ስትታየኝ ከዋክብቱ በሙሉ ከጭንቅላቴ ጠፉ።

ጉንጬ በሰላም አለፈ። ጉሮሮዬ ላይ ሲደርሱ ወንበሩ መውረድ ጀመረ፤ መስታወቱ ውስጥ ከእኔ የሚታየኝ ግንባሬና ከፍ ብሎ የተያዘው የምላጩ ጫፍ ነበር። ጫፉ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው አንገቴን ሳይሆን እጃቸውን ነው የሚያዩት። ልጅቷ ጥጡን መፍታት ጀመረች። መምህሩ ከአግዳሚው ጥግ በከንፈሩ ብቻ «ጠይቅ! ጠይቅ!» ይለኛል።

«ጋሼ…» አልኩ፣ «ርግብ ስትሄድ አንገቷን የምትወዘውዘው ለምንድን ነው?»

መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ለእኔው አብራርተውልኝ ነበር። ሊቀ ምክንያት ምላጩን አነሱና ጎንበስ ብለው በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

«ርግብ?» አሉ።

«አዎ፣ ርግብ።»

ምላጩን ጨርቁ ላይ ጠረጉት። ከዚያ «ምክንያቱ ቀላል ነው» ብለው ጀመሩ። «የርግብ ዓይኖች በጎንና በጎን ናቸው። ጭንቅላቷ ከሰውነቷ እኩል ቢሄድ የምታየው ሁሉ ይደበዝዝባታል። ስለዚህ ጭንቅላቷን ታስቀድምና ባለበት ታቆመዋለች። ሰውነቷ እስኪደርስባት ትጠብቃለች። ከዚያ እንደገና። አየህ? እኛ የምትወዘውዘው ይመስለናል እንጂ፣ እሷስ ቀጥ ብላ ለማየት ነው ልፋቷ።»

ምላጩ በልስላሴ ወረደ። ግን ርግቧ አለቀች፤ የአንገቴ ግማሽ ገና ነበር። እጃቸውን ማየት ሲጀምሩ ከአግዳሚው ድምፅ መጣ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ። «ዶሮም እንደዚያው ታደርጋለች። ዳክዬስ? ዳክዬ ለምን አታደርግም?»

ዓይኗ ከአባቷ እጅ አልተነቀለም ነበር። ጥጡን መልሳ ጠቅልላዋለች። እሳቸው ስለ ዳክዬ ያሉትን ልነግራችሁ ብችል ደስ ባለኝ፤ ግን አልሰማሁም። እኔ የማዳምጠው የምላጩን ድምፅ ነበር፤ እሱም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደናቀፍ ጨረሰ። ልጅቷ ተነስታ አባቷን ግንባራቸው ላይ ሳመቻቸውና «የሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ዳክዬ ያልጨረስከውን ትነግረኛለህ» ብላ ወጣች። ምላጩ ቀረ። መምህሩም ጉንፋኑ በአንድ ጊዜ ለቀቀውና ለነጂው ሊነግር ሮጠ።

ሁለታችን ቀረን። ፊቴን በፎጣ እየጠረጉልኝ «አንተ» አሉ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ።» በዚህ ሁሉ ዓመት ሊቀ ምክንያት ማንንም ሰው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

«ይጠይቁኝ ጋሼ።»

«እጁ የሚንቀጠቀጥ አስተካካይ ጋ፣ አንገቱን ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። ሌሎች ሱቆች ሞልተው ሳለ። ይሄ ሰው የሚመጣበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ምክንያቱ ቀላል ነው» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ቃል አልወጣልኝም። እንወድዎታለን ነበር መልሱ፤ ይኸው ነው፤ ለሪዝ እንኳ የማይበቃ። እሳቸው ፎጣውን ይዘው ይጠብቁኛል። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ከእኔ አልደበቁትም።

«ለሚቀጥለው አስቤበት እመጣለሁ» አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉ ሊቀ ምክንያት፣ ጨርቁን ከአንገቴ እየፈቱ። «ግን ረዘም ይበል። ለአንገት የሚሆን።»