ኤግዚቢሽን የወጣ ድሪቶ

ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ሁሉ የሚታማባት አንዲት ነገር አለች። ሾፌር በአፉ ይታማል፣ ደላላ በመሐላው ይታማል፣ እኛ ደግሞ በቁርጥራጭ ጨርቅ እንታማለን። አራት ሜትር ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሰፊው ጨርቁን በክንዱ ይለካዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፣ ከዚያ ክፉ በሽታ እንዳገኘ ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል። «ለጥቂት ነው፤ እስቲ እንሞክር» ይላል። እናንተም ልባችሁ ተንጠልጥሎ ትሄዳላችሁ። ልብሱ ሲደርስ በመብቃቱ ብቻ ተደስታችሁ መርቃችሁት ትወጣላችሁ። የተረፈችውን ግማሽ ሜትር የሚያውቋት እሱና መቀሱ ናቸው።

እኔ ሙሳ፣ ጅማ ገበያ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቄ ውስጥ ይህንን ሥራ ስሠራ ኖሬአለሁ። ለምን እዋሻለሁ? ግን ወላሂ፣ አንዲት ብጣሽ ጨርቅ ሸጬ አላውቅም። ሌሎቹ ከትርፉ የሕፃን ኮፍያና የትራስ ልብስ ሰፍተው ይሸጡታል። እኔ የሰረቅሁት ለዓይኔ ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሩን እንጂ ማቆሙን የሚነግራችሁ የለም። ሰማዩ ግራጫ፣ ቆርቆሮው ግራጫ፣ መንገዱ ጭቃ። በዚያ ላይ ዘመኑ የካኪ ዘመን ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ካኪ፣ ጥበቃው ካኪ፣ አስተማሪው ካኪ፣ የቡና መጋዘኑ ዘበኛ ሳይቀር ካኪ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ካኪ ሲሰፋ የሰነበተ ሰው፣ ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤታችን ከሰርቦ ከተማ የመጣች አንዲት ልጅ ከዝናቡ ውስጥ ብቅ ብላ ቢጫ ሳቲን ጠረጴዛው ላይ ብትዘረጋለት ምን ይሆናል? ሌላውን አላውቅም፤ እኔ ካኪውን ወደ ጎን እገፋዋለሁ። ሳቲኑን ስቆርጥ መቀሴ ራሷ ቀስ ትላለች። ጠርዙ ላይ የምትቀረዋን ቁራጭ መልሼ ልስጥ ብል እንኳ እጄ አይታዘዘኝም።

ደግሞም በእግር የሚነዳ የስፌት መኪና ላይ የሚቀመጥ ሰው ሕልመኛ ቢሆን አይፈረድበትም። ቀኑን ሙሉ ትነዳላችሁ፣ የትም አትደርሱም። እግሬ መርገጫውን ሲመታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ሁለቱ ድምፅ አንድ ይሆኑና እኔ እዚያ የለሁም። ሰማያዊውን ከአረንጓዴው አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ ወደ ሸቤ የሚወስደው ቁልቁለት ከነጫካው ይመጣልኛል። ብርቱካንማውን ቺት ከነጩ አቡጀዲ ጋር አጋጥማለሁ፤ ጠዋት ጉም ሲገለጥ ይታየኛል። ደንበኛ ገብታ ሦስት ጊዜ ጠርታኝ ያልሰማሁበት ቀን ስንት ነው!

እንዲህ እያልኩ አራት ክረምት ሙሉ፣ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ፣ ቁርጥራጩን ሁሉ እየገጣጠምኩ አንድ ትልቅ የአልጋ ልብስ ሰፋሁ። ለሚስቴ ለሐሊማ አንድ ቀን ምን እየሠራሁ እንደሆነ በግጥም ቋንቋ ስተርክላት፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ሳታቋርጥ፣ «ማሎ ሙሳ፣ ይሄ እኮ ድሪቶ ነው» አለችኝ። ድሪቶ! ቤት የሌለው ሰው ጀርባው ላይ የሚጥለው፣ ቡትቶ በቡትቶ ላይ የተለጠፈበት! ቃሉ ልቤን ወጋኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ አላነሣሁላትም፤ ቤት ይዤው ልገባማ ጨርሶ አላሰብኩም።

የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ ቀበሌያችን የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን አዘጋጀና ባለሙያ ሁሉ አንዳንድ ነገር እንዲያቀርብ ታዘዘ። አናጢው የጅማ በርጩማ አመጣ፣ ሴቶቹ ሰፌድና መሶብ አመጡ፣ ቀጥቃጩ ቢላዋ ደረደረ። ልብስ ሰፊው ሙሳ ምን ያምጣ? ካኪ ሱሪ ይስቀል? ሐሊማ እኅቷ ወልዳ አራስ ጥየቃ ሸቤ ሄዳለች፤ የሚመክረኝ የለም። ብቻዬን ተመካከርኩና የአራት ክረምት ሥራዬን ተሸክሜ ወደ አዳራሹ ሄድኩ።

ግድግዳው ላይ ስሰቅለው ፀሐይ በመስኮቱ ገባች። ለወትሮው እንደዚያ የምትታዘዝ ፀሐይ አይደለችም። ቀለማቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ነቁ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። በርጩማ ሲያንኳኩ የነበሩት ሽማግሌዎች ቀና አሉ። ያቺ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚያው ብሞት ኖሮ ስሜ ከነክብሩ ይቀበር ነበር።

አልሞትኩም። የቡና መጋዘኑ ጸሐፊ ሚስት ወይዘሮ አስካለ ከሰው መሀል ወጥታ ተጠጋች። አፍንጫዋ ጨርቁን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች። ከዚያ በአረንጓዴ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን ቁራጭ በጣቷ እየጠቆመች፣ «ይሄ እጅጌዬ ነው» አለች። ነገሩን ላስረዳችሁ። ያለፈው ዓመት ጨርቁ አልበቃም ብዬ የዓመት በዓል ቀሚሷን እጅጌ ጉርድ አድርጌባት ነበር። «ክረምቱን ሙሉ ክንዴን ብርድ ሲፈጀኝ፣ እጅጌዬ ለካ እዚህ ተንደላቋል!» ብላ ጮኸች።

እኔ የዘነጋሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ጨርቁን እንደሚያውቅ። ለኔ ቀለም ሆኖ የታየኝ ሁሉ ለእነሱ ንብረት ነበር። የሰርቦዋ ፋጡማ ዘመድ ጥየቃ መጥታ ኖሮ ቢጫ ሳቲኗን አገኘችው፤ የሠርግ ቀሚሷ ነው። አንዷ መጋረጃዋን፣ ሌላዋ የልጇን የዒድ ልብስ እያገኙ ይጯጯኹ ጀመር። ኤግዚቢሽኑ ቀረና የጠፋ ዕቃ የሚታወቅበት ጣቢያ ሆነ።

ጩኸቱን ሰምቶ ጓድ ሊቀመንበር መጣ። ከፍ ብሎ አየ፣ ዝቅ ብሎ አየ፣ ከታች በኩል ያለችው ካኪ ላይ ዓይኑ ሲያርፍ እጁ ሳያውቀው ወደ ሱሪው ኋላ ሄደ። አዎ፤ አንድ የኋላ ኪስ ጎድሎታል። ይሄስ ይሁን። ዓይኑ ቀስ እያለ ወደ መሀሉ ወጣ። መሀሉ ላይ እንደ እሸት ቡና የቀላ፣ ሌላው ቀለም ሁሉ የሚዞርበት ቀይ ጨርቅ አለ። ለአምናው በዓል መፈክር መጻፊያ ብሎ በሜትር ቆጥሮ የሰጠኝ እሱ ራሱ ነበር።

«ይሄ ቀይ ከየት መጣ?» አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር። ካጠገቡ የቆመው ሰው «የሕዝብ ንብረት ነው፣ አሻጥር ነው» ሲል ሰማሁ። ያን ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል ስሙ ላይ የተለጠፈበት ሰው ምሳውን የት እንደሚበላ እርግጠኛ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ግን መጀመሪያ የሁሉም ጨርቅ ተቆርጦ ለየባለቤቱ ይመለስ፣ የቀዩን ጉዳይ በኋላ ቢሮ እናየዋለን ብሎ ወሰነ። የሚቆርጠውም እኔው ራሴ እንድሆን ተባለ። ከሱቄ የገዛ መቀሴን አስመጡልኝ።

ፈራሁ። ለራሴ መፍራት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን የፈራሁት ለአልጋ ልብሱ ነው። አንዴ ከተቀደደ ማን መልሶ ይገጥመዋል? ፋጡማ ቢጫዋን ቀድሜ እንድሰጣት ቆማ ትጠብቃለች። መቀሱን ከፍቼ ወደ ጨርቁ አስጠጋሁት።

«ዳቢ! አቁም! ያዝ እጅህን አንተ ልጅ!»

አዴ ዘይነባ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸውን ከማልን ለውትድርና የላኩ ሴት ናቸው። ከማል ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አንዲት ደብዳቤ አልመጣችም። ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ሰዉን ከፍለው መጡና ጥግ ላይ ያለችውን ውኃ ሰማያዊ ፖፕሊን በመዳፋቸው ዳበሷት።

«ይቺ የከማል ሸሚዝ ናት። ሸሚዙን ለብሶት ሄደ። ሳጥኔን ስንቴ ገለበጥኩት፤ ከልጄ ልብስ አንዲት ክር አልቀረችልኝም» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ይሄ ሌባ ባይሰርቀኝ ኖሮ ይቺም አትኖረኝም ነበር። አላህ ይስጥህ!»

እንግዲህ ተሰድቤ ነው ወይስ ተመርቄ? ሊቀመንበሩ በለሆሳስ፣ «እናቴ፣ እሷን ብቻ ቆርጠን እንስጥዎት?» አላቸው። አዴ ዘይነባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለብቻዋ ምን አደርጋታለሁ? ሳጥን ውስጥ ጨለማ ነው። እዚህ ከሰው ጋር ናት፤ ተዋት» አሉ።

አለቀስኩ፤ አላፍርም። ወይዘሮ አስካለም በዚያች በጉርድ እጅጌዋ ዓይኗን ልትጠርግ ሞክራ እጅጌው አልደርስ ሲላት በነጠላዋ ጠረገች። ፋጡማ የቢጫውን ነገር ትታ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። መቀሱን የሚቀበለኝ አጥቼ ኪሴ ከተትኩት።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ በስብሰባ በሚናገርበት ድምፅ፣ ይህ የአልጋ ልብስ ከዛሬ ጀምሮ የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑን አስታወቀ። ጭብጨባ ሆነ። ትርፍ ቤት የተወረሰበት ሰው በጅማ ብዙ ነው፤ ትርፍ ጨርቅ የተወረሰበት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ጨርቃቸው ያለበት ሰዎች ሁሉ ዕጣ አውጥተው በየተራው አንድ አንድ ሳምንት ይዘውት እንዲቆዩ ተወሰነ። ዕጣው እንዴት እንደወጣ አላየሁም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ግን ለጓድ ሊቀመንበር ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የቀዩን ጨርቅ ነገር ያነሣ የለም።

እኔ ሱቄ ተቀምጬ የአልጋ ልብሱ አገር ዞረ። ፋጡማ በቡና መኪና ጭና ሰርቦ ወሰደችው፤ ዝናብ ሲጥል እዚያ ማዶ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይታየኝ ነበር። አንዷ አራስ ለበሰችው አሉ። የታመመ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ቀለሙን እየቆጠረ ዋለ አሉ። አዴ ዘይነባ ተራቸው አልፎ ሦስት ሳምንት አቆዩት፤ ይመልሱ ብሎ ሊጠይቅ የደፈረ ግን አልነበረም። ካኪ እየሰፋሁ፣ ዛሬ የት አድሮ ይሆን እያልኩ፣ እግሬ መኪናውን እየመታ ልቤ ከእሱ ጋር ይዞር ነበር።

ሴቶቹ በመጨረሻ ለኔም አዘኑልኝ። አንድም ቁራጭ የኔ የሆነ ስለሌለበት፣ ለክሩ ብለው መጨረሻ ላይ አንድ ሳምንት ሰጡኝ። አጥፌ ታቅፌው ቤት ገባሁ። ሐሊማ ከሸቤ ከተመለሰች ወዲህ ወሬውን ሁሉ ሰምታ ኖሮ አልጋውን አንጥፋ ጠበቀችኝ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ብርሃኑ ጥሩ ነበር። ዘረጋችው። ድሪቶ አላለችም። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ከጥግ ጀምራ፣ በጣቷ እየተከተለች ታየው ጀመር። ይሄ የአስካለ ነው፣ ይሄ የፋጡማ፣ ይሄ የከማል፣ እያለች። ሁሉንም ታውቃቸዋለች። እኔ ምስጋና እየጠበቅሁ ቆሜአለሁ። መጨረሻው ላይ ደረሰች፤ ተመልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ደግሞ ጨረሰች።

«የኔስ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። የከተማውን ሴት ሁሉ ዳርኩ፣ አለበስኩ፤ ሐሊማ የምትለብሰው ግን ከገበያ ተሰፍቶ የተገዛ ወይም እኅቷ የሰጠቻት ነው። ደንበኛ ይቅደም፣ በዓሉ ይለፍ፣ ቡናው ይሸጥ እያልኩ አንድ ቀሚስ አልሰፋሁላትም። ካልቆረጥኩት ጨርቅ ቁራጭ ከየት ይተርፋል?

በማግስቱ ጠዋት ወጥቼ አምስት ሜትር ሐምራዊ ክሬፕ ገዛሁና በቀጥታ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። የጅማን ወገብ በቃሌ የማውቅ ሰውዬ የሚስቴን ትከሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ለካሁ። እንደ እንግዳ ደንበኛ እጆቿን ዘርግታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ወደ ግድግዳው እያየች ቆማ ነበር። አሳዘነችኝ፤ ወደድኳትም። ልኳን ደብተሬ ላይ ስጽፍ፣ መቼ እንደሚደርስ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

ወላሂ በልቤ ዛሬውኑ ብዬ ነበር። አፌ ግን ሃያ ዓመት ለደንበኛ ሁሉ ማለት የለመደውን ተናገረ።

«ሐሙስ ነይ» አልኳት።