ክብርት ላስቲክ ቀዳጅ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲያገኝ ከነላስቲኩ የሚያስቀምጥና ላስቲኩን በጥርሱ የሚቀድ። የመጀመሪያው ወገን ሪሞቱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ሶፋውን ከነሽፋኑ ተቀምጦበት፣ ዕቃው ሳያረጅ እሱ አርጅቶ ይሞታል። እኔ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝና ከየትኛው ወገን እንደሆንኩ መናገር አያሻኝም። ሁለተኛውንም ወገን ታውቁታላችሁ፤ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የእኛዋ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናቸው፤ ማዕረጋቸውም ክብርት ላስቲክ ቀዳጅ።

ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ታብሌቶች የመጡ ዕለት ርእሰ መምህሩ "እንዳይሰበሩ ቁም ሣጥን ይግቡ" አሉ። ከነካርቶናቸው ቆለፍኩባቸው። ክብርትነታቸው በማግስቱ ከተፍ አሉ።

"ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ።"

"ይሰበራሉ፣ እመቤቴ።"

"ይሰበሩዋ! ቁም ሣጥኑ ነው እንዴ ማንበብ የሚማረው?"

እያጉረመረምኩ ከፈትኩላቸው። ይቺ "ይሰበሩዋ!" መፈክራቸው ናት። መብራት ሲጠፋ ታብሌቶቹን በዘንቢል ተሸክመው፣ ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት ጸጉር ቤት ሄደው ከማድረቂያው ጎን ይሰኳቸዋል። አንድ አባት "የልጄ እጅ ጽሕፈት ሊበላሽ ነው" ብሎ ቢመጣ፣ "በእርሳስም ይጽፋል፣ በጣቱም ይጽፋል፣ ከፈለገ በአፍንጫውም ይጽፋል!" ብለው መለሱት። አንዱ ታብሌት ወድቆ ሲሰነጠቅ "አላልኩም?" ብዬ ደስ እያለኝ ሮጥኩ። "ብለዋል፤ አሁንም ያነባል" አሉኝና ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ።

ያነባል ማለት እንኳ ድፍረት ነው። ታብሌቱ ልጆቹ የጻፉትን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ተሠርቷል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ግን አይለይም። አንድ ልጅ "አያቴ ጠዋት ጠዋት ትበላለች" ብሎ ቢጽፍ፣ ታብሌቱ አጥብቆት አሮጊቷን ጠዋት ጠዋት አስበላቸው። እሰይ፣ አሁንስ ይመልሱልኛል አልኩ። ሴትየዋ ግን ታብሌቱን የፊተኛው ዴስክ ላይ አስቀምጠው ልጆቹን "ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው፣ አስጠኑት" አሏቸው።

ከዚያ በኋላ የክፍሉ ጫጫታ እኔ ቢሮ ድረስ ይሰማ ነበር። ልጆቹ እየጻፉ ያስነብቡታል፤ ሲሳሳት ይቆጡታል፤ እሱን ለማረም ሲሉ ራሳቸው ደጋግመው ያነባሉ። ሰው ፊት ቃል የማይወጣት አንዲት ልጅ አለች፤ አክስቷ ስታስመዘግባት "ዲዳ አይደለችም፣ ቤት ውስጥ ታወራለች" ብላ ምላ ነው የሄደችው። ይህች ልጅ ታብሌቱ ላይ ጎንበስ ብላ መንሾካሾክ ጀመረች። ክብርትነታቸው ይህን ባዩ ጊዜ "እነዚህን ዕቃዎች ከዚህ ክፍል የሚያወጣ እኔን ቀድሞ ያውጣ" ብለው ለመምህራኑ ሁሉ አወጁ።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘሯ ለጉብኝት የመጡ ዕለት ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ "አንዲት ስህተት ካየሁ ዛሬውኑ ወደ ቁም ሣጥን!" ብለው አስጠነቀቁ፤ እኔንም ከነቁልፌ አስከትለው ገቡ። ሌላ ሰው ቢሆን የተለማመደውን ያቀርባል። እኚህ ሴት ግን "ስለ ትምህርት ቤታችን ያሻችሁን ጻፉ" አሉ።

ሱፐርቫይዘሯ ዝምተኛዋ ልጅ ዘንድ ሄደው የማንበቢያውን ምልክት ራሳቸው ተጫኑ። የጻፈችው የመጀመሪያ መስመር "ርእሰ መምህራችን በዕረፍት ሰዓት ይበላሉ" የሚል ነበር። ታብሌቱ እንደ ልማዱ አጠበቀው። ርእሰ መምህራችን በሰው ሁሉ ፊት በዕረፍት ሰዓት ተበሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የርእሰ መምህሩ ፊት በርበሬ መሰለ። ያቺ ልጅ ብድግ አለችና ታብሌቱ ላይ ጣቷን ቀስራ ጮኸችበት፦

"አላላው እንጂ! እሳቸው ናቸው የሚበሉት፤ እሳቸውን የሚበላቸው የለም!"

አስተማሪዋ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ርእሰ መምህሩ ግን የሰሙት ሳቁን ብቻ ነው።

"ይሰብሰቡ! አሁኑኑ!" አሉ ወደ እኔ ዞረው።

ክብርትነታቸው ከዴስኮቹ ፊት ተገተሩ። "ጋሼ፣ አንዷን ቢነኩ ዕድሜ ልኬን አልምርዎትም።"

እኔ እንኳን አለቃ፣ የአለቃ ጥላ ሲያልፍ ከወንበሬ የምነሣ ሰው ነኝ። እኚህ ሴት እንደሆኑ እንቅልፍ ነሥተውኛል፣ ንብረቴን አስጭረውብኛል። ግን እውነቱን ልናገርና፣ የእሳቸው ድምፅ በኮሪደሩ ካልተሰማ ቀኑ አይነጋልኝም።

"አልሰበስብም" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"አልሰበስብም፣ ጌታዬ። ልጅቷ ገና አንብባ አልጨረሰችም።"

ሱፐርቫይዘሯ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ርእሰ መምህሩ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩና በሩን ተደግፈው ቆሙ።

"ታዲያ ምን ይገትርዎታል?" አሉኝ ክብርትነታቸው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "ቁጭ ብለው ያዳምጡ እንጂ!"

ጉልበቴን አጥፌ የልጆች ዴስክ ውስጥ ገባሁ። ልጅቷም ሁለተኛውን መስመር፣ በራሷ ድምፅ፣ ማንበብ ጀመረች።