ፈረንሳይኛ የሚችሉት እትዬ አስካለ

ሰው ሐኪሙን ይጠረጥራል። ሥጋ ቆራጩን ይጠረጥራል። ባጃጅ ነጂው «መንገዱ ተዘግቷል» ብሎ በሌላ በኩል ሲያዞረው አንገቱን አስግጎ ያያል። አስተርጓሚን ግን ማን ይጠረጥራል? «እንዲህ አለ» ሲሉት «እሺ» ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው? በተለይ እኛ ድሬዎች፣ ግማሻችን ለግማሻችን ስናስተረጉም የምንውል ሰዎች፣ አስተርጓሚ መጠርጠር የጀመርን ዕለት ከተማው ይዘጋል። ቀፊራ ሄዳችሁ ቲማቲም ስትገዙ ዋጋው በኦሮምኛ ይጠራል፣ ክርክሩ በሶማልኛ ይሆናል፣ ዕርቁ በአማርኛ ይፈጸማል። «ትርጉሙ ልክ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቲማቲሙ ደህና ከሆነ ትርጉሙም ደህና ነው።

እኛም እትዬ አስካለን ጠርጥረናቸው አናውቅም ነበር።

እትዬ አስካለ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው። ከዚራ ተወልደው፣ ከዚራ አድገው፣ ዛሬም እዚያው ጥላው በማይለየው መንገድ ዳር ባለች ቤት ይኖራሉ። ፈረንሳይኛ የተማሩት በልጅነታቸው ከካቶሊክ ሲስተሮቹ ዘንድ ነው። ሰባውን አልፈዋል፤ ቢሆንም ከንፈራቸውን ቀይ ሳይቀቡ በር ከፍተው አያውቁም። የወንድማቸው ልጅ ከጅቡቲ በመጣ ቁጥር ፍላሽ ሙሉ የድሮ ፊልም ያመጣላቸዋል። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ነው። ሁሉም ላይ ሰው ይገደላል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ባርኔጣ የደፉ ወንዶች ግማሽ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ለሆነ ሴቶች ሲጋራ ይለኩሳሉ። ፊልሞቹ የአሜሪካ ናቸው፤ ንግግሩ ግን በፈረንሳይኛ ተቀይሯል። እትዬ አስካለ ደግሞ ወደ አማርኛ ይመልሱልናል።

«እኛ» ስል እኔና ሀዋ ነን። እኔ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የኮንቴይነር ወሬ ስሰማ የምውል ሴት ነኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ነፍሰ ገዳይ መስማት ዕረፍት ነው። ሀዋ ባሏ የሞተባት፣ ቀፊራ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሶማሌ ጓደኛዬ ናት። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ድመት እንኳን ከጥላ በማይወጣበት ሰዓት፣ ወንዶቹ ጫታቸውን ታቅፈው በርጫ ሲገቡ፣ እኛ የባቢሌ ለውዛችንን ይዘን እትዬ አስካለ ሳሎን እንገባለን። የቤቱ መስኮት የእንጨት ርብራብ ስለሆነ ብርሃኑ ምንጣፉ ላይ የሚያርፈው መስመር መስመር ሆኖ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያሉት መስኮቶችም ልክ እንደዚያው ናቸው። ሀዋ መጀመሪያ ቀን «ይሄ ሰውዬ ከዚራ መጥቶ ነው እንዴ የቀረጸው?» ብላ ጠይቃለች።

የፈረንጅ ስም አይያዝልንም። ስለዚህ ተዋናዮቹን ራሳችን ክርስትና አነሳናቸው፤ ሀዋም ጭምር አነሳች። ዓይኑ ሁልጊዜ ግማሽ የተከደነውን መርማሪ «እንቅልፌ» አልነው። ፀጉሯ አንድ ዓይኗን የሚሸፍናት ቆንጆ «በአንድ ዓይኔ» ሆነች። ዳይሬክተሮቹንም በስም ሳይሆን በአመል እንለያቸዋለን። አንዱ ደረጃ ይወዳል፤ ሰው ካልወጣና ካልወረደ ፊልም የሠራ አይመስለውም። ሌላው መስታወት ካየ አያልፍም። ሀዋ ለዳይሬክተር ምሕረት የላትም፤ «አምፖል የቆጠበ ሁሉ ጥበበኛ ተባለ» ትላለች። እትዬ አስካለ በዚህ ይቆጣሉ። በእሳቸው እምነት ጥላውም እንደ ተዋናዩ ደመወዝ ይገባው ነበር። ከነዚያ ዳይሬክተሮች ብዙዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ከጀርመንና ከኦስትሪያ የተሰደዱ እንደነበሩ የነገሩን ቀን፣ «አንዴ የፈራ ሰው ብርሃን አያምንም» ሲሉ፣ ሀዋ እንኳን ለውዝ መፈልፈሏን አቆመች።

እኔ የእንቅልፌ ደጋፊ ነኝ። ሀዋ ግን «ቤት ገብቶ ባርኔጣ የማያወልቅ ወንድ ራሰ በራ ነው» ብላ ክርክሩን ዘግታዋለች።

ሦስታችንም የምንስማማበት አንድ ነገር ነበር፤ የዚያ ዘመን የፊልም ሴቶች ጀግኖች ናቸው። ይዋሻሉ፣ ያጨሳሉ፣ ባለ ባርኔጣውን እንደ እንዝርት ያሾራሉ፣ መጨረሻ ላይ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ባቡር ይሳፈራሉ። አንዳንዴ እርግጥ ባቡሩ አይታይም። ተኩስ ይሰማል፣ ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ትወድቃለች፣ ሙዚቃው ያለቅሳል። እትዬ አስካለ ግን ረጋ ብለው «ስቷታል፤ ደንግጣ ነው የወደቀችው። ነገ ጧት ባቡር አላት» ይሉናል። እኛም እናምናለን። ምን እናድርግ? ፊልሙ ጨለማ ነው፤ ፈረንሳይኛ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

አምና የሀዋ ባል ወንድሞች የሱቁን ቁልፍ አምጪ አሏት። ሴት ብቻዋን ሱቅ አትይዝም፣ እኛ እንይዝልሻለን ዓይነት ነገር። ሽማግሌ ሊቀመጥ ቀን ተቆረጠ። ሀዋ «ደክሞኛል፣ እሰጣቸዋለሁ» ብላኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ያየነው ፊልም ውስጥ መጠጥ ቤት ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባርኔጣ የደፉ ሰዎች ከብበው ቁልፍ አምጪ ይሏታል። ሴትዮዋ አንድ በአንድ አየቻቸውና ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እትዬ አስካለ ተረጎሙ፦ «ባሌን ቀብሬዋለሁ። ራሴን ግን ገና አልቀበርኩም።» ወዲያው ሴትዮዋ ቁልፍ የሚመስል ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ እትዬ አስካለ «ያ የጓዳው ነው» አሉን።

ሀዋ ያቺን ቃል ይዛ ሄዳ ሽማግሌዎቹ ፊት በሶማልኛ ደገመቻት። አንዱ ሽማግሌ «ይህ የማን አባባል ነው?» ሲላት «የአያቴ» አለች። የሱቁ ቁልፍ እስከ ዛሬ እሷ ጋ ነው።

እንግዲህ በቅርቡ የሀዋ አክስት ልጅ ፎዚያ ለሠርግ ከጅቡቲ መጣች። ፎዚያ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ እንጂ አማርኛ ጠብ አይልላትም። ሀዋ ቅዳሜ ይዛት መጣችና «የኔን ፊልም እናሳያት!» አለች። እትዬ አስካለ ፍላሹ ተበላሽቷል አሉ። ሀዋ ፈልጋ አገኘችው። ሪሞቱ ባትሪ ጨርሷል አሉ። ሀዋ ተነሥታ በእጇ ከፈተችው።

ፊልሙ ሲያልቅ ፎዚያ ታለቅሳለች። ሀዋ በሶማልኛ ምን ሆንሽ አለቻት። ፎዚያም በሶማልኛ ረዘም አድርጋ መለሰችላት። እኔ የማውቀው የገበያ ሶማልኛ ነው፤ «ሞተች» የሚለውን ለመስማት ግን ይበቃል።

የሀዋ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። «አስካለ» አለች፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው፣ በንዴት ጊዜ ደግሞ ጭራሽ የለም። «ሴትዮዋ ሞታለች?»

«የቷ ሴትዮ?»

«የኔዋ! ‹ቁልፉን ውሰዱት፣ ብቻ አትግደሉኝ› ብላ ሰጠቻቸው ትላለች ፎዚያ። በነጋታው ወንዝ ውስጥ ተገኘች ትላለች! እኔ ወላሂ በዚህች ሬሳ ተማምኜ ነው እንዴ ሽማግሌ ፊት የቆምኩት?»

ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ እትዬ አስካለ ፈረንሳይኛ አያውቁ ይሆን? ፎዚያም ያው ሳይመጣባት አልቀረም፣ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጣል አደረገች። እትዬ አስካለ መለሱላት። መልሱ እንዴት ያለ ረጅምና ፈጣን ነበር መሰላችሁ! ፎዚያ ሶፋው ላይ እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ያውቃሉ። አብጠርጥረው ያውቃሉ።

«ልጅ ሆኜ» አሉ እትዬ አስካለ ወደ እኛ ዞረው፣ «እነዚህን ፊልሞች የባቡር ሠራተኞች ክበብ ውስጥ እናይ ነበር። ከንፈሯን የቀባች ትሞታለች። ሣቅ ያበዛች ትሞታለች። እናቴ በክርኗ ትጎስመኝና ‹አየሽ!› ትለኛለች። ዳይሬክተሩ ፊልሙን ሙሉ እንድንወዳት አድርጎ አድርጎ መጨረሻ ላይ ይገድላታል። ይግደላት፤ ሥራው ነው። በኔ አፍ ግን አትሞትም።»

«እኔስ?» አለች ሀዋ፤ ድምጿ ተሰባብሯል። «ቢያባርሩኝስ ኖሮ?»

«እውነቱን ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እሰጣቸው ነበር።»

እትዬ አስካለ የለውዙን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። ሀዋ አልነካችውም። ፎዚያን አስከትላ ወጣች።

ያን ሳምንት ነገሩ አበቃለት ብዬ ነበር። ሀዋ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች፤ ከነሕጓ። ከዛሬ ጀምሮ ትርጉሙ ቃል በቃል ነው፣ ሀዋ በሶማልኛ እየነገረቻት ፎዚያ ትቆጣጠራለች። እትዬ አስካለ እሺ አሉ። ከዚያ እንደ ዜና አንባቢ ጀመሩ። በአንድ ዓይኔ ዋሸች። እንቅልፌ አወቀባት። እወድሃለሁ አለችው። እኔም አላት። ተኮሰባት። ሞተች። ፊልሙ አለቀ።

ቬንትሌተሩ ብቻ ይዞራል።

«እንቅልፌ ነው የገደላት?» አለች ሀዋ በመጨረሻ፣ እኔን እያየች። እኔ ምን አደረግሁ? የደጋፊ ዕዳ እንዲህ ነው፤ አንገቴን ደፋሁ። ሀዋ ከራሷ ጋር ጥቂት ተሟገተች፤ ቀጥላም ተነሥታ ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መለሰችና «እንደ ድሮሽ አድርጊው፣ አቦ» አለች።

እትዬ አስካለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በአንድ ዓይኔ ገና ከበሩ ስትገባ የሆነች ሌላ ሴት ሆነች። እኛም ወደፊት ተጠጋን። መሐል ላይ ፎዚያ የሀዋን ሻሽ እየጎተተች ታንሾካሹክ ጀመር። ሀዋ ዝም በይ ትላታለች፤ እሷ አሁንም ትጎትታለች። ምን ፈልጋ ነው ብዬ ጠየቅሁ።

«አስካለ ምን እያለች እንደሆነ ንገሪኝ ነው የምትለው» አለችኝ ሀዋ።

ሠርጉ ካለቀ ቆየ፤ ፎዚያም አገሯ ገብታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ትደውላለች፤ እዚያ በፈረንሳይኛ ያየችው ፊልም በአማርኛ እንዴት እንዳለቀ በሶማልኛ እንዲነገራት።